አየር ጭኖ የሚሄድ መኪና፦ የፕላስቲክ ፋብሪካን ወደ ገጠር የኢንዱስትሪ ቦታ ስለ መሳብ

የተከበራችሁ የኢንዱስትሪ ቦታ አስተዳዳሪዎች፣ የኢንቨስትመንት ጽሕፈት ቤት ባልደረቦች፣ ከመብራትና ከውሃ መሥሪያ ቤቶች የመጣችሁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም የገበሬ ማኅበራት ተወካዮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ጥሪያችሁን አክብሬ መጥቻለሁ፤ ስለ ግብዣውም አመሰግናለሁ።

ስለ ባለሀብት መሳብ ሲወራ ወሬው ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመሬት ነው። መሬት በነጻ እንሰጣለን፣ ለተወሰነ ዓመት ግብር አንጠይቅም፣ ሼድ ሠርተን እንጠብቃለን። እኔ ዛሬ ስለ መሬት ብዙም አልናገርም። ለምን? ለፕላስቲክ አምራች መሬት ከትንንሾቹ ወጪዎች አንዱ ስለሆነ ነው። በአብዛኛው የፕላስቲክ ዕቃ ላይ ከማምረቻ ወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው ጥሬ ዕቃው፣ ማለትም ቀልጦ ዕቃ የሚሆነው የፕላስቲክ ፍሬ ወይም ዱቄት፣ ሬዚኑ ነው። ከዚያ መብራቱ፣ የማሽንና የሞልድ (ለዕቃው ቅርጽ የሚሰጠው ብረት) ዕዳው፣ ደመወዙ ይመጣል። መሬቱን በነጻ ብትሰጡት አመስግኖ ይቀበላል። የሚመጣው ግን በእሱ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ለገጠር የሚሆነው የትኛው የፕላስቲክ ፋብሪካ ነው? ሁለተኛ፣ ያ ፋብሪካ ቦታችሁ ላይ ምን ማግኘት አለበት? ሦስተኛ፣ አብሮት ምን አደጋ ይመጣል? ሁለተኛው ሰፊ ስለሆነ እዚያ ላይ ብቆይ ታገሡኝ።

ወደ አንደኛው ልግባ። “የፕላስቲክ ፋብሪካ” ብሎ አንድ ነገር የለም። ሬዚኑን ከጋዝና ከነዳጅ ውጤት የሚሠራው ፋብሪካ አለ፤ እሱን እርሱት፤ የሚተከለው ከማጣሪያ ወይም ከወደብ አጠገብ ነው። እኛን የሚመለከተው ሬዚን ገዝቶ ዕቃ የሚያወጣው ነው። እሱም ብዙ ዓይነት ነው፦ በኢንጀክሽን፣ ቀልጦ ሞልድ ውስጥ እየተወጋ ክዳን፣ ወንበርና ሳጥን የሚያወጣ፣ በብሎዊንግ ጀሪካንና ጠርሙስ የሚነፋ፣ በኤክስትሩደር ቧንቧና ላስቲክ የሚስብ፣ በሮቶ፣ ሞልዱን ምድጃ ውስጥ እያሽከረከረ ትልልቅ የውሃ ታንከር የሚጋግር።

ከእነዚህ መካከል የቱ ይመጣል? መልሱ ያለው መኪናው ላይ ነው። አብረን እናስላው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በ25 ኪሎ ከረጢት የታሸገ ሬዚን ወደ 25 ቶን ይይዛል። ያው ኮንቴይነር ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢጫንበትስ? የውስጡ ስፋት 67 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው፤ አንዱ ጀሪካን ከነክፍተቱ 27 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። ቢበዛ 2,400 ጀሪካን ይገባል። አንዱ ጀሪካን አንድ ኪሎ ቢመዝን ጭነቱ 2.4 ቶን ነው። የቀረው አየር ነው። አንድ መኪና ሬዚን ከገባ ከአሥር ያላነሰ መኪና ጀሪካን ይወጣል ማለት ነው። ጀሪካንን ከሩቅ ከተማ ማምጣት የአየርን የትራንስፖርት ዋጋ መክፈል ነው።

የእናንተ ዕድል እዚህ ላይ ነው። ባዶ የሆነ፣ ግዙፍ የሆነ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የማይገባ፣ ደግሞም በዙሪያችሁ የሚፈለግ ዕቃ፦ ታንከር፣ ጀሪካን፣ የመስኖ ቧንቧ፣ የአትክልት ሳጥን። ክዳን ግን እዚህ ውስጥ የለም። ክዳን ሁለት ሦስት ግራም ይመዝናል፤ ካርቶን ሞልቶ ሩቅ አገር ይሄዳል። የውሃ ጠርሙስም እንዲሁ ነው፤ ፕሪፎርሙ፣ ማለትም ገና ያልተነፋው ጠርሙስ፣ ጣት አክሎ ተጭኖ ከሩቅ ይመጣና ውሃው ከሚሞላበት ፋብሪካ ውስጥ ይነፋል። ለክዳን ወይም ለፕሪፎርም አምራች “ወደ እኛ ና” ብትሉት ለመምጣት ምክንያት የለውም። ለታንከር አምራች ግን አለው።

ገጠር ውስጥ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ አይሆንም የሚል ካለ ሦስት ቦታ ልጥራ። ዴንማርክ ውስጥ ቢሉንድ የሚባል የገጠር መንደር ነበር፤ አንድ አናጢ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመረ፣ ድርጅቱ በ1946 የኢንጀክሽን ማሽን ገዛ፣ በ1958 ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የሌጎ ጡብ በባለቤትነት አስመዘገበ። አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ የተከፈተው በኋላ፣ በ1964 ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በጁራ ተራሮች ያለችው ኦዮናክስ ደግሞ ከእንጨትና ከቀንድ ማበጠሪያ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች ከተማ ነበረች፤ እነሱ ወደ ሴሉሎይድ ተሻገሩ፣ ከዚያ ወደ ኢንጀክሽን። ሦስተኛው በእስራኤል፣ በኔጌቭ በረሃ የሚገኘው ሃትዘሪም ነው፤ የእርሻ ማኅበሩ በ1965 የጠብታ መስኖ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ኔታፊም የሚባለው ድርጅት የተወለደው እዚያ ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሦስቱም የተነሡት ሬዚን አጠገባቸው ስለሚመረት አይደለም። ኦዮናክስ የነበራት የእጅ ሙያ ነው። ሃትዘሪም የነበረው ዕቃውን በራሱ ማሳ የሚፈትን ገበሬ ነው። እናንተ የትኛው አላችሁ? መጀመሪያ ይህን መልሱ።

አሁን ወደ ሁለተኛው። ፋብሪካው ምን ይፈልጋል? መብራት። ደግሜ ልበለው፤ መብራት። ብዙ መብራት ከማለቴ በፊት የማይቋረጥና የማይርገበገብ መብራት ማለቴ ነው።

መጠኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው። በሰዓት 250 ኪሎ የሚያመርት መካከለኛ የኢንጀክሽን ፋብሪካ እንውሰድ። ቺለሩ (የውሃ ማቀዝቀዣው)፣ ኮምፕሬሰሩ፣ መብራቱ ሁሉ ተደምሮ በአንድ ኪሎ ምርት 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጅ እንበል። 625 ኪሎዋት ይሆናል። ለማስነሻና ለማስፋፊያ ትንሽ ትርፍ ተይዞ ባለ 1000 ኬቪኤ ትራንስፎርመር ይበቃዋል። በዓመት 6000 ሰዓት ቢሠራ 1,500 ቶን ያወጣል። የሚገባው ሬዚን 60 ኮንቴይነር ነው፤ በሳምንት ከአንድ መኪና ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ባቡር የለንም ብላችሁ አትጨነቁ።

አስቸጋሪው ጥራቱ ነው። አንድ የፒቪሲ ቧንቧ መስመር ላይ ምን እንደሚሆን ላሳያችሁ። ኤክስትሩደር ማለት የሥጋ መፍጫ ዓይነት ነው፤ በአንድ በኩል ዱቄቱ ይገባል፣ ስክሩ እየገፋው፣ ዙሪያውን ያለው ሂተር እያቀለጠው በሌላው በኩል ቧንቧ ሆኖ ይወጣል። በባረሉ፣ ስክሩን በያዘው ቱቦ ውስጥ ያለው ፒቪሲ ከ180 ዲግሪ በላይ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ እንበል። ስክሩ ቆመ። ፒቪሲው ግን ግለቱ አልወረደም፤ ተኝቶ ይቃጠላል። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር። ሲቃጠል የሚያወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ክሎራይድ ነው፤ ለሰው ሳንባም ለብረቱም መርዝ ነው። መብራቱ በግማሽ ሰዓት ቢመለስም ሥራው በግማሽ ሰዓት አይመለስም። ዳዩ፣ ቧንቧው የሚወጣበት አፍ ይፈታል፣ ስክሩ ይወጣል፣ የከሰለው በነሐስ መፋቂያ ይፋቃል፤ በብረት መፋቂያ ከነካችሁት ስክሩ ይጫራል፣ የተጫረበት ላይ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ይያዛል። በግማሽ ሰዓት መቋረጥ አንድ ሺፍት ሙሉ ይጠፋል።

“ጄኔሬተር አለ” ትሉኛላችሁ። ጄኔሬተር ለረጅም መቋረጥ ጥሩ ነው። ነገር ግን ተነሥቶ ጭነቱን እስኪረከብ ብዙ ጊዜ አሥር ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። የፋብሪካው ችግር ብዙ ጊዜ የአንድ ሰከንድ ሩብ እንኳ የማትሞላ የቮልቴጅ መውረድ ናት። ቢሮ ውስጥ አምፑሉ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ ማንም ልብ አይለውም። ማሽን ቤት ውስጥ ግን ኮንታክተሮቹ (ሞተሮቹን የሚያበሩት ማብሪያዎች) ለቀዋል፣ የሞተሮቹ ድራይቭ ጠፍቷል፣ ላስቲክ እንደ ፊኛ እየተነፋ በሚሠራበት መስመር ላይ ፊኛው ወርዶ ተጣብቋል። ያን ፊኛ እንደገና አንሥቶ ውፍረቱን እስከ ማስተካከል ድረስ የሚወጣው ሁሉ ስክራፕ ነው። ጄኔሬተሩ ይህን ሁሉ አላየም፤ ለእሱ መብራት አልሄደም።

ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ? መለካት ነው። የቮልቴጅ መመዝገቢያ መሣሪያ ቦታው ላይ ግጠሙ፤ ቢያንስ ሦስት ወር፣ የዝናቡን ወቅት ቢጨምር ይሻላል። ስንት ጊዜ ወረደ፣ በስንት በመቶ ወረደ፣ ለስንት ሚሊ ሰከንድ ቆየ? ያን ወረቀት ለባለሀብቱ ስጡት። ወረቀቱ መጥፎ ቢሆንም ስጡት። ከመጥፎ መዝገብ በላይ የሚያሸሸው መዝገብ አለመኖሩ ነው፤ መዝገቡ ካለው ምን ዓይነት ማረጋጊያ እንደሚገዛ፣ ጭራሽ የትኛውን ምርት እንደማይሞክር ያውቃል። መስመራችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ፒቪሲና ፖሊካርቦኔት አትጋብዙ። የጀሪካንና የታንከር ፕላስቲክ የሆነው ፖሊኤትሊን ታጋሽ ነው፤ ባረል ውስጥ ቢቀዘቅዝ እንደገና ይሞቃል። ሮቶ ደግሞ ምድጃው በአብዛኛው በጋዝ ወይም በናፍጣ ስለሆነ፣ የሞልዱም ዋጋ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በእኔ ግምት ለጀማሪ ቦታ ከእሱ የሚሻል የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቦታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ ከፍታውን በሜትር ጻፉ። መደበኛ ሞተርና ትራንስፎርመር የሚሰላው እስከ 1000 ሜትር ድረስ ላለ ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ እንደ ልቡ አይቀዘቅዝም፣ ኮምፕሬሰሩም በየዙሩ የሚውጠው አየር ያንሳል። ሳይነገረው የመጣ ባለሀብት ማሽኑን ከተከለ በኋላ ነው ኮምፕሬሰሩ እንደማይበቃው የሚያውቀው።

ውሃ። ፕላስቲክን ማሞቅ ግማሽ ሥራ ነው፤ ቀሪው ማቀዝቀዝ ነው። በኢንጀክሽን አንዱ ዕቃ ከሚፈጀው ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሞልዱ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ የሚጠበቅበት ነው። ውሃው ኖራ የበዛበት ከሆነ በሞልዱ ቀጭን ቀዳዳዎች ውስጥ ድንጋይ ይሠራል። ማንም አያየውም። ኦፕሬተሩ ግን ዕቃው ሲጣመምበት የማቀዝቀዣ ጊዜውን ሁለት ሰከንድ ይጨምራል፤ ከወር በኋላ ሁለት ሰከንድ ይጨምራል። በሰዓት 120 ሳጥን የሚያወጣው ማሽን 105 ማውጣት ይጀምራል፤ ጥፋቱም በሠራተኛው ይላከካል። ስለዚህ የውሃችሁን የላብራቶሪ ውጤት ያዙ፤ የኖራ መጠን፣ ፒኤች፣ ብረት።

የሚፈጀው መጠንስ? ውሃው ከሚቀዘቅዝበት ማማ የሚተነው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ነው። 400 ኪሎዋት የሚያስወግድ ፋብሪካ በሰዓት 600 ሊትር ወደ ሰማይ ይልካል፤ ጨው እንዳይከማች የሚደፋውም አለ። በቀን ወደ 20 ሜትር ኪዩብ ይጠጋል። ይህ ውሃ ከማን ጉድጓድ ነው የሚወጣው? መንደሩ ከሚጠጣበት ከሆነ ነገ ጠብ ይመጣል። ደረቅ ማቀዝቀዣ፣ ማለትም ውሃው በዝግ ቧንቧ እየዞረ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝበት፣ ዋጋው ቢበልጥም ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። ውሃ በጠበበበት ቦታ ይህን በውሉ ውስጥ አስገቡት።

ስለ ሼዱ ባጭሩ። አንድ ዓይነት ሼድ ሠርታችሁ ለሁሉ ይሆናል አትበሉ። የላስቲክ መስመር ወደ ላይ ነው የሚነፋው፤ ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የቧንቧ መስመር 50 ሜትር ቀጥ ያለ ርዝመት ይበላል። ኢንጀክሽን ክሬን ይፈልጋል፤ ሞልዱ ብዙ ቶን ሊመዝን ስለሚችል። ክሬን በኋላ ላይ አይጨመርም፤ ዓምዱ ሲሠራ ነው የሚታሰበው። ማሽኑ ጀርባ ስክሩ ተስቦ የሚወጣበት ባዶ ቦታ ካልተተወ በጥገና ቀን ግድግዳ ይፈርሳል። መግቢያ መንገዱና ግቢው ደግሞ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ይሁን። ለምን መሰላችሁ? አቧራ ወደ ሬዚኑ ከገባ ስስ ላስቲክ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ነጥቡ ባለበት ይቀደዳል።

መጋዘን ደግሞ ከከተማው ፋብሪካ የሰፋ ያስፈልጋል። ከወደብ የራቀ አምራች የሁለት ወር ሬዚን መያዝ አለበት፤ በያዝነው ምሳሌ 250 ቶን፣ 182 ፓሌት ነው። ይህ ሁሉ የተኛ ገንዘብ ነው። እውነተኛ ድጋፍ ከፈለጋችሁ ነጻ መሬቱን ተዉትና ሬዚኑ ጉምሩክ ላይ እንዳይከርም፣ ለተኛው ሬዚንም ባንክ እንዲያበድር አድርጉ።

አሁን የሚዘነጋውን ላንሣ፤ ሞልድ ጥገና። ማሽኑ ደኅና፣ መብራቱ ደኅና፣ ሬዚኑ ሞልቶ፣ አንዲት የሞልድ ፒን ተሰበረች። ጠጋኙ ያለው በሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ሁለት ቶን ብረት ተጭኖ ይሄዳል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ይመለሳል። ሳምንት ሄደ። አንድ ፋብሪካ የራሱን ወርክሾፕ ለመክፈት አቅም ላይኖረው ይችላል፤ ቦታውን የምታስተዳድሩት እናንተ ግን ለሦስት ለአራት ፋብሪካ አንድ ወርክሾፕ ልትከፍቱ ትችላላችሁ። ቶርኖ፣ ፍሬዛ፣ ገጽ መሞረጃ፣ በብልጭታ ብረት የሚቀርጸው ኢዲኤም፣ የቲግ ብየዳ። ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ሞልድ ገጣጥሞ የሚያውቅ አንድ ሰው። መደርደሪያው ላይ ሂተር ባንድ፣ ቴርሞካፕል፣ ኮንታክተር፣ የሃይድሮሊክ ጎሚኒ፣ የስክሩ ጫፍ ቫልቭ ይኑር። ከነጻ ሼድ ይህ ይበልጣል እላለሁ፤ የሚከራከረኝ ካለ በሻይ ሰዓት እንገናኝ።

ስለ ሰው ኃይልም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ኦፕሬተር በጥቂት ሳምንት ይሠለጥናል። ማሽኑን የሚያስተካክለው ሴተር ግን ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ፋብሪካው የሚቆመው በእሱ ነው። ከከተማ አምጥታችሁ ቤት ካልሰጣችሁት ይመለሳል። ፋብሪካው 24 ሰዓት ስለሚሠራ የሌሊት ሰርቪስ ግድ ነው፤ በተለይ ለሴት ሠራተኞች። የአጨዳ ወቅትንም አስቡ። በአጨዳ ሰው ይቀራል፤ ብትቆጡም ይቀራል። ስለዚህ ዓመታዊ ጥገናውን በዚያ ሳምንት ማድረግ ያዋጣል።

ሦስተኛው፣ አደጋው። መጀመሪያ እሳት። ፖሊኤትሊን በኪሎ የሚያወጣው ሙቀት ከናፍጣ ጋር የሚስተካከል ነው። 250 ቶን ሬዚን ያለው መጋዘን 250 ቶን የሚያህል ነዳጅ እንደያዘ ቁጠሩት። እሳት አደጋ ብርጌድ ቅርብ ከሌለ ማንም አይደርስላችሁም። የራሱ የውሃ ገንዳ፣ በናፍጣ የሚሠራ ፓምፕ (እሳት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው መብራቱ ነው)፣ በመጋዘንና በማሽን ቤት መካከል እሳት የሚከለክል ግድግዳ ያስፈልጋል። እሳቱ የሚጀምረው ደግሞ ከታወቀ ቦታ ነው፤ ያረጀ የሃይድሮሊክ ቱቦ ይቀደድና ዘይቱ የጋለ ሂተር ባንድ ላይ ይረጫል። ለሮቶ ፕላስቲክ በሚፈጭበት ክፍል ደግሞ አቧራው ራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ ክፍሉ ተለይቶ ይሠራ፣ በየቀኑ ይጸዳ።

ቀጥሎ የሬዚን ፍሬ። አንድ የ25 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ወደ አንድ ሚሊዮን ፍሬ አለ። በ2021 ኤክስ ፕረስ ፐርል የተባለችው መርከብ ስሪላንካ አጠገብ ስትቃጠል 1,680 ቶን ያህል ፍሬ ባሕር ውስጥ ገባ፤ የባሕር ዳርቻው በረዶ የዘነመበት መሰለ። እናንተ ጋ መርከብ የለም፤ የተቀደደ ከረጢትና የዝናብ ቦይ ግን አለ። ቦዩ ወደ መስኖው ይሄዳል፣ መስኖው ወደ ማሳው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ በየቦዩ ከፍሬው የጠበበ ወንፊት፣ በማራገፊያው ሥር ንጣፍ፣ በየሺፍቱ መጥረጊያ። ወንፊቱን ማን ያጸዳል የሚለው በስም ካልተጻፈ ግን በመጀመሪያው ዝናብ ይደፈናል፣ ከዚያ አንዱ ነቅሎ ይጥለዋል።

ምርቱንም ምረጡ። ስስ ፌስታል አምራች ነገ ማሽን ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ማሽኑ ርካሽ ነው። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ፌስታልን ከልክለዋል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ሼዳችሁን በአንድ አዋጅ ለሚዘጋ ምርት አትስጡ። ያገለገለ የእርሻ ላስቲክ እሰበስባለሁ፣ እፈጫለሁ የሚል ከመጣ ደግሞ እሰየው ነው፤ ግን መጀመሪያ የማጠቢያ ውሃውን ወዴት እንደሚለቅ ጠይቁት። ከማሳ የተነሣ ላስቲክ ግማሽ ክብደቱ አፈርና እርጥበት ሊሆን ይችላል። ያ አፈር ማጠቢያው ሥር ጭቃ ሆኖ ይቀራል፤ የሚጣልበት ቦታ ይፈልጋል።

እንግዲህ ባለሀብቱ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ምን ይጠብቀው? ቀጭን ፎልደር። የሦስት ወር የቮልቴጅ መዝገብ፣ የትራንስፎርመሩ አቅምና ከማከፋፈያ ጣቢያው ያለው ርቀት፣ የውሃ ላብራቶሪ ውጤት፣ ከፍታ በሜትር፣ የሼዱ ርዝመትና ቁመት፣ ወለሉ በካሬ ሜትር የሚሸከመው ቶን፣ ከወደብ እስከ በሩ ያለው የመኪና ዋጋ በቶን፣ በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ በዓመት ስንት ታንከር፣ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ሳጥን እንደሚገዛ። የመጨረሻውን ቁጥር ከገበሬ ማኅበራት ተወካዮች በቀር ማንም ሊሰጣችሁ አይችልም፤ እነሱ ደግሞ ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ ከፊታችሁ ተቀምጠዋል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ የመብራት ባለሙያዎቹ ቢቀድሙ ደስ ይለኛል።